በንፋስ የሚከፈት በር

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አናወራም፣ ስለ ኑሮ ውድነትም አናወራም። (እኛ ስለ ኑሮው ባናወራም ኑሮው ስለ እኛ ማውራቱን አላቆመም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ዛሬ የምናወራው በየቦርሳችን ስለሚዞረው፣ ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ትዝ ስለሚለን ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ስለ ሪሞት።

ነገሩን ሳናንዛዛ ፊት ለፊት እናስቀምጠው። ለግቢ በርና ለመኪና «ቁልፍ» ተብለው ከሚሸጡልን ርካሽ ሪሞቶች መካከል ጨርሶ ቁልፍ ያልሆኑ አሉ። አድራሻ ናቸው። አድራሻና ቁልፍ ደግሞ አንድ አይደሉም። አድራሻ «ይህ መልእክት የሚመለከተው እገሌን ነው» ይላል። ቁልፍ ግን «ይህን የላከው በእርግጥ እገሌ ነው» ማለት መቻል አለበት። በተዘጋ በርና የተዘጋ በሚመስል በር መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

እኛ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም የተማርነው፤ ጋዜጠኝነት ነው። ጋዜጠኝነት ግን አንድ ጥሩ ልማድ አስይዞናል፤ «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቅ። በተለይ ገንዘብ ከፍለን፣ ደኅንነታችንንም አምነን ለሰጠነው ነገር።

መጀመሪያ የስማችን ነገር

የምንኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ ሃና ማርያም፣ መካኒሳ፣ ጎፋ… ለመሆኑ «ንፋስ ስልክ» ስንል ስንቶቻችን ስለ ቃሉ አስበን እናውቃለን? ሽቦ ሳይኖረው በአየር የሚሄድ መልእክት እንደ ተአምር በሚታይበት ዘመን፣ ያ ነገር በአማርኛ «የነፋስ ስልክ» ተባለ። ዛሬ «ገመድ አልባ» ወይም «ዋየርለስ» የምንለው ማለት ነው። እንግዲህ የክፍለ ከተማችን ስም ሲፈታ «ዋየርለስ» ነው! (ዋይፋያችን ግን የስሙን ያህል ሲሆን አላየነውም።)

ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል አቃቂ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያን ወረራ በደጅ ሲያንዣብብ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ለውጭው ዓለም ንግግር አድርገዋል። የንግግሩ ዓላማ የሚሰማ ሁሉ እንዲሰማው ነበር። የራዲዮ ጠባይም ይኸው ነው። ሞገድ አጥር አያግደውም፣ ጎረቤት አይመርጥም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ለንጉሡ ንግግር ይህ በረከት ነበር። ለግቢ በራችን ግን ሌላ ነገር ነው። ጉዳያችንም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

በተኗን ስንጫን ምን ይፈጠራል?

የሪሞቱን ሆድ ከፍታችሁ ብታዩት ብዙ ነገር አታገኙም። ትንሽ ባትሪ፣ ጥቂት በተኖች፣ ሞገድ የሚያወጣ ክፍል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ ጥቁር ቺፕ። ይህቺ ቺፕ ኢንኮደር ትባላለች። ሥራዋ «ተጭነውኛል» የሚለውን ነገር በአየር ሊላክ ወደሚችል ምት መለወጥ ነው። በሩ ጋ ባለው ሳጥን ውስጥ የተቀመጠችው እህቷ ዲኮደር ትባላለች፤ ምቱን አዳምጣ ትፈታዋለች።

በዓለም ዙሪያ ከታወቁት ኢንኮደሮች አንዷ ፕሪንስተን ቴክኖሎጂ የተባለው የታይዋን ኩባንያ የሠራት ፒቲ2262 ናት። የዲኮደሯ ስም ፒቲ2272 ነው። ፒቲ2262 ኮድ የሚያዝባቸው 12 እግሮች አሏት። እያንዳንዷ እግር ከሦስት በአንዱ ሁኔታ ላይ ትሆናለች። ወይ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ትገናኛለች፣ ወይ ከኔጋቲቩ ጋር ትገናኛለች፣ ወይ ደግሞ ከምንም ጋር ሳትገናኝ ትንጠለጠላለች። ባለሙያው ሪሞቱንና የበሩን ሳጥን ሲያዛምድ የሚያደርገው የሁለቱን ቺፖች እግሮች አንድ ዓይነት ማድረግ ነው።

በተኑን ስትጫኑ ቺፗ እግሮቿን ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው በተራ ታነባለች። ለእያንዳንዷ እግር ሁለት ሁለት ምት ታወጣለች። አጭርና አጭር ከሆነ ኔጋቲቭ፣ ረጅምና ረጅም ከሆነ ፖዘቲቭ፣ አጭርና ረጅም ከሆነ የተንጠለጠለ ማለት ነው። አሥራ ሁለቱም ሲያልቁ ትንሽ ዕረፍት ትወስድና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጣታችሁን እስክታነሱ ድረስ ያንኑ ትደጋግመዋለች።

ሞገድ የሚያወጣው ክፍል ደግሞ ቺፗን ተከትሎ ይበራል፣ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ በ433.92 ወይም በ315 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ ከአንዱ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ወደ ሌላው በባትሪ ብልጭታ እንደ መነጋገር ቁጠሩት። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭታ… የበሩ ዲኮደር የመጣውን ምት ከራሷ እግሮች ጋር ታነጻጽራለች። ተከታትለው የመጡ ሁለት መልእክቶች ከራሷ ጋር ከገጠሙ «የእኔ ነው» ትልና ሞተሩን ታስነሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ሁሉ ውስጥ «ማን ነው የላከው?» የሚል ጥያቄ የለም።

ለምን እንዲህ ተሠራች?

ቺፗን መውቀስ አይገባም። የተሠራችበት ዓላማ ሌላ ነው። ሁሉም ሪሞት በአንድ ሞገድ ላይ የሚናገር ከሆነ የእናንተን ደወል ስትጫኑ የጎረቤት ደወል እንዳይጮህ፣ የልጁን መጫወቻ መኪና ስትነዱ የሌላው ልጅ መኪና አብሮ እንዳይሮጥ መለያ ያስፈልጋል። ኢንኮደሯ ይህን ታደርጋለች። ግርግርን ትከላከላለች እንጂ ሌባን አትከላከልም።

የቲቪ ሪሞታችንን እንይ። እሱም ውስጥ ኢንኮደር አለ፤ ልዩነቱ በራዲዮ ሞገድ ፈንታ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን መናገሩ ነው። የጃፓኑ ኤንኢሲ ያወጣውና ብዙ ሪሞቶች የሚጠቀሙበት አሠራር አለ። በአንድ ተጫን 32 ቢት ይልካል። 8 ቢት አድራሻ፣ 8 ቢት የዚያው አድራሻ ግልባጭ፣ 8 ቢት ትእዛዝ፣ 8 ቢት የትእዛዙ ግልባጭ። ግልባጩ ለምን አስፈለገ? በመንገድ ላይ የተበላሸ ነገር ካለ እንዲታወቅ ነው። ስህተትን ይፈትሻል፤ ሰውን አይፈትሽም። የጎረቤት ልጅ በመስኮት ገብቶ ቻናል ቢቀይርብን የሚደርስብን ጉዳት ድራማ ማምለጥ ብቻ ስለሆነ ማንም አያማርርም። ችግሩ የመጣው ይኸው አስተሳሰብ ሳይለወጥ ወደ ግቢ በርና ወደ መኪና በር ሲሻገር ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ

(ሒሳብ ፈርተን ነው ጋዜጠኝነት የገባነው ለምትሉ፣ አይዟችሁ፣ አጭር ነው።)

ከፒቲ2262 12 እግሮች 4ቱን ለበተኖች፣ 8ቱን ለአድራሻ ብታውሏቸው፣ 3 በራሱ 8 ጊዜ ሲባዛ 6,561 አድራሻ ይሰጣል። ሆልቴክ የተባለው ሌላው የታይዋን ኩባንያ የሠራት ኤችቲ12ኢ ደግሞ 8 የአድራሻ እግሮች አሏት፤ ግን ሁለት ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ የአድራሻዋ ብዛት 256 ነው። በሰከንድ 4 ኮድ መሞከር ይቻላል ብንል፣ 256ቱን ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይበቃል። 6,561ዱም ግማሽ ሰዓት አይሞሉም። ጀበና ቡና አንደኛው ሳይወርድ ያልቃል።

«ታዲያ የእኔ አዲስ ነው፤ እግር የሚባል ነገር የለውም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ኢቪ1527 የምትባለዋን ቺፕ የመሰሉት እግራቸው አይስተካከልም። ፋብሪካው 20 ቢት መለያ ቀርጾባቸው ይወጣሉ፤ የበሩ ሳጥን ያንን መለያ «ይማራል»። 20 ቢት ማለት 1,048,576 ዓይነት መለያ ነው። ሚሊዮን ሲባል ደስ ይላል፤ በግምት መሞከርን በእርግጥ ያከብደዋል። ግን መገመት ማን ያስፈልገዋል? ሪሞቱ ዛሬም ነገም የከርሞ ዓመትም የሚናገረው ያንኑ አንድ ቃል ነው። አንዴ የሰማው ሰው የሚሊዮኑን ዕጣ መቁረጥ አያስፈልገውም።

ግቢያችሁ ዘበኛ አለው እንበል። ከውጭ የመጣ ሰው የምስጢር ቃል ሲናገር ነው የሚከፍተው። ቃሉ ግን ለዓመታት አንድ ነው። የሚነገረውም በጩኸት፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ነው። ይህን ዘበኛ ትቀጥሩታላችሁ? ደሞዙ ርካሽ ስለሆነስ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ሳሚ ካምካር የተባለው አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ ነገሩን ለሕዝብ አሳየው። ከገበያ የወጣች የልጆች የመልእክት መጫወቻ አስተካክሎ፣ ቋሚ ኮድ የሚጠቀሙ አንዳንድ የጋራዥ በሮችን ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከፈተ። መጫወቻ ነው ያልናችሁ!

ሪሞቱ ይነግረኛል

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ጀሞ ውስጥ ካሉ ሪሞት ከሚያባዙ ሱቆች ወደ አንዱ ገባን። ባለሙያው ትሁት ልጅ ነው።

«እህቴ፣ ሪሞትሽን ስጪኝ።»

ሰጠነው። ከመሳቢያው ሌላ ሪሞት አውጥቶ ፊት ለፊት አጋጠማቸው። አንዱን ተጫነ፣ ሌላውን ተጫነ፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ።

«አለቀ። ሄደሽ በሩን ሞክሪው።»

«የበሩን ሳጥን ሳታየው?»

«ምን ያደርግልኛል? ሪሞቱ ይነግረኛል እኮ!»

ወገን፣ ጉዳያችን በሙሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ሪሞቱ ይነግረኛል። ለባለሙያው ከነገረው ለማንም ይነግረዋል። ልጁ ምንም ጥፋት አልሠራም፤ የተጠየቀውን አገልግሎት ሰጠ። እሱ ያባዛበት መንገድ ግን ለባለቤቱም ላልሆነውም እኩል ክፍት ነው።

አሁን እዚያ ላይ የአከራይና የተከራይ ሕይወት ጨምሩበት። ለቡ ወይም መካኒሳ ያለ ጂ ፕላስ ቱ ቤት አስቡ። ምድሩ ለአንድ ቤተሰብ፣ ላዩ ለሌላ፣ ከጓሮ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ደግሞ እንደ እኛ ላሉ ሥራ ጀማሪ ልጆች ይከራያሉ። የግቢው በር አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ተከራይ ሪሞት ይባዛል። ተከራይ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፣ እንደገና ይባዛል። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ በር ላይ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ስንት ናቸው? አከራይዋ እትዬ አያውቁም። የወጣው ተከራይ ሪሞቱን ሲመልስ የመለሰው ፕላስቲኩን ነው፤ ኮዱን መመለሱን ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ለሴት ልጅ ይህ የስርቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማታ ከሥራ ስንመጣ ከታክሲ ወርደን እስከ ግቢው ድረስ እንዴት እንደምንሄድ እህቶቻችን ታውቃላችሁ። ሪሞቱን ከሩቅ ተጭነን፣ ገብተን፣ ከኋላችን የብረቱ በር «ግጭ» ብሎ ሲገጥም ነው ትንፋሽ የምናወጣው። ያ «ግጭ» እውነት መሆን አለበት። ተለያይተን የተውነው፣ ግን ያልተወን ሰው የግቢያችንን ኮድ ይዞ ሊዞር የሚችል ከሆነ ያ ድምፅ ማስታገሻ እንጂ መከላከያ አይደለም።

መኪናም ያው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል። ስለዚህ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ገና ብዙ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ሽያጭ «ቁልፉ ይኸው፣ ሪሞቱ ይኸው» በሚል ይዘጋል። በኋላ የተገጠመው አላርም ቋሚ ኮድ ያለው ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ሁሉ እጅ ላይ ቅጂ መቅረት አለመቅረቱን ገዢው በምን ያውቃል?

መፍትሔው ከአፍሪካ ነው የወጣው

ደስ የሚለው ነገር መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። የበለጠ ደስ የሚለው ደግሞ ከአህጉራችን መውጣቱ ነው። ኪሎቅ የተባለው የምስጢር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ናኖቴክ በተባለ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ቴክኖሎጂ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ኤችሲኤስ301ን በመሰሉ ትናንሽ ኢንኮደሮች ውስጥ ገብቶ በዓለም ተበተነ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ባንክ በአጭር መልእክት የሚልክልንን ኮድ ታውቁታላችሁ አይደል? አንዴ ከተጠቀማችሁበት አይሠራም። ተለዋዋጭ ኮድ የሚባለውም እንደዚያ ነው። ሪሞቱ ውስጥ ቆጣሪ አለ። በተኑ በተጫነ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምራል፤ ቺፗም ያንን ቁጥር በምስጢር ቁልፍ ቆልፋ ትልከዋለች። ኤችሲኤስ301 በአንድ ጊዜ 66 ቢት ትልካለች። ከዚያ ውስጥ 34ቱ በግልጽ የሚታዩ ናቸው፤ የሪሞቱ መለያ ቁጥር፣ የትኛው በተን እንደተጫነና የባትሪው ሁኔታ ዓይነት ነገር። 32ቱ ግን በየተጫኑ ቁጥር የሚለዋወጡ የተቆለፉ ቢቶች ናቸው። የዛሬውን የሰማ ሰው ነገ ቢደግመው በሩ «ይህ ቁጥር አልፏል» ብሎ ዝም ይለዋል።

«ልጄ በረንዳ ላይ ሪሞቱን ሲጫወትበት ቆጣሪው ቀድሞ ቢሄድስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የበሩ ሳጥን ከመጨረሻው ቁጥር ወደፊት ያሉትን 16 ቁጥሮች ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ልጁ ከዚያ በላይ ቢጫንበት ደግሞ ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ስትጫኑ እንደገና ይግባባሉ። ወደ ኋላ ግን አይመለስም። ያለፈ ነገር አለፈ ነው። (በፍቅርም እንዲህ ቢሆን ስንቱ በተረፈ!)

ፍጹም ነው አንልም። የጀርመኑ ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺፗ ስትሠራ የምትወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል በመለካት የኪሎቅ ምስጢር ቁልፍ ሊወጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2008 አሳይተዋል። ቀደም ያልነው ካምካርም እ.ኤ.አ. በ2015 ሞገዱን አፍኖ ኮዱን ቀድሞ የሚሰርቅ መሣሪያ ሠርቶ አሳይቷል፤ ዋጋው 32 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ከዚያ የበረቱ አሠራሮች መጡ፤ በሩ ራሱ ጥያቄ ጠይቆ ሪሞቱ መልስ የሚሰጥባቸው፣ ኤኢኤስ የተባለውን ጠንካራ የምስጢር አሠራር የሚጠቀሙ አሉ። ነገር ግን ላብራቶሪ ውስጥ ተደክሞበት የሚሰበር ቁልፍና ሱቅ ውስጥ «ሪሞቱ ይነግረኛል» የሚባልለት ቁልፍ እኩል አይደሉም። ብረት በርም በመጋዝ ይቆረጣል፤ ያ ግን መጋረጃ እንድንሰቅል ምክንያት አይሆንም።

«የእኛ ሌባ ይህን አያውቅም»

ይህን ስናነሳ የሚመጣብን መልስ ይታወቃል። «የእኛ አገር ሌባ ስፖኪዮ ነቃይ ነው። አጥር ዘላይ ነው። ራዲዮና ቺፕ ምን ያውቃል?»

ግማሹ እውነት ነው። አብዛኛው ስርቆት ጉልበትና ድንገት እንጂ ሞገድ አይፈልግም፤ በቪትዛችሁ ስፖኪዮ የሚመጣ ሰው ኮድ አይፈታም። ግማሹ ግን ማባበያ ነው። አንደኛ፣ ማባዣው ሱቅ ውስጥ በግልጽ ያለ ተራ ሪሞት ሆኗል፤ ዕውቀት አይፈልግም። ሁለተኛ፣ መስታወት ሲሰበር ድምፅ አለው፣ አጥር ሲዘለል ውሻ ይጮኻል፤ በሪሞት የሚከፈት በር ግን ባለቤቱ የገባ ነው የሚመስለው። ፖሊስ መጥቶ «የተሰበረ ነገር የለም» ሲል ጥርጣሬው የሚወድቀው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው፣ በዘበኛው ላይ ነው። ያልሰረቀች ልጅ «ከአንቺ በቀር ማን ገባ?» ትባላለች። ርካሿ ቺፕ ያጎደለችውን ደሀ ይከፍላል ማለት ነው። ለእኛ ይህ ከንብረቱ በላይ ያመናል።

ሌላው መልስ «እንዲህ ዓይነት መሣሪያዎችን መከልከል ነው» የሚለው ነው። ለመከልከል መቼም ሰነፍ አይደለንም። ግን ካናዳን እንይ። የመኪና ስርቆት ሲበዛባት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ፍሊፐር ዜሮ የተባለችውን ሞገድ የምታዳምጥና የምትደግም ትንሽ መሣሪያ ለማገድ እንዳሰበች አስታወቀች። ባለሙያዎች ተቃወሙ። «ጥፋቱ የሰሚው ነው ወይስ የሚጮኸው ቁልፍ ነው?» የሚል ክርክር ተነሳ። መንግሥትም ዕቅዱን አለዝቦ ትኩረቱን ሕገወጥ አጠቃቀሙ ላይ አደረገ። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ጆሮ ያለውን ሁሉ ከመክሰስ በጩኸት የሚከፈተውን በር መቀየር ይቀላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እኛው ራሳችን። ሪሞታችሁ ቋሚ ኮድ ይኑረው ተለዋዋጭ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ባለሙያው የበሩን ሳጥን ወይም መኪናውን ሳይነካ ሪሞቱን ከሪሞት ብቻ አባዝቶ በሩን ከከፈተው፣ መልሱን አግኝታችኋል። በአብዛኛው ተለዋዋጭ ኮድ ያለው ሪሞት የሚጨመረው ሳጥኑ ራሱ አዲሱን ሪሞት እንዲያውቀው በማድረግ ነው። ቤት ስትከራዩ «ሪሞቱ ስንት ተባዝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሪሞት የሚማር ሳጥን ካላችሁ የቆዩትን ሁሉ አጥፍቶ እናንተ ፊት እንደ አዲስ እንዲያስተምረው ባለሙያ ጥሩ። ሳጥኑ ቋሚ ኮድ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ ከውስጥ የምትገባ መቀርቀሪያ ጨምሩበት። መቀርቀሪያ በሞገድ አትከፈትም።

ሁለተኛ፣ ሻጮችና ገጣሚዎች። ለቴሌቪዥን «ስንት ኢንች ነው» የምትሉን ሰዎች ለበርም «ቋሚ ኮድ ነው፣ ተለዋዋጭ ኮድ ነው» በሉን። የዋጋ ልዩነት ካለ ንገሩን፤ አውቀን እንምረጥ። ለደወልና ለማራገቢያ ቋሚው ይበቃል። ለበር ግን «ሁሉም ያው ነው» ማለት ሐሰት ነው።

ሦስተኛ፣ ተቆጣጣሪዎች። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድ ነገር ይመለከተዋል፤ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደግሞ ደረጃ ያወጣል። አንድ ሪሞት በየትኛው ድግግሞሽ ይናገራል የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ በር ለመክፈት የሚሸጥ ከሆነ ምን ብሎ ይናገራል የሚለውም መጠየቅ አለበት። ካርቶኑ ላይ በአማርኛ «ቋሚ ኮድ፤ ለበርና ለመኪና አይሆንም» የምትል አንዲት መስመር ብትጻፍ የምታስወጣው የቀለም ዋጋ ነው።

አራተኛ፣ ወጣት ባለሙያዎቻችን። ኤችቲ12ኢ በብዙ ዓለም የተማሪዎች መለማመጃ ናት፤ ርካሽና ግልጽ ስለሆነች ጥሩ መምህር ነች። የንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን በመሰሉ ተቋማት የምትማሩ ልጆች በእሷ ጀምሩ፤ ግን በእሷ አትጨርሱ። ደቡብ አፍሪካውያን በ1980ዎቹ የሠሩትን እኛ ዛሬ የማንሞክርበት ምክንያት የለም። ቢያንስ ሰፈራችን ውስጥ ቋሚውን ሳጥን በተለዋዋጭ የሚቀይር፣ ለምን እንደቀየረም ለእትዬ በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ወጣት ቢኖር ሥራ አያጣም።

አያቶቻችን ያለ ሽቦ የሚሄደውን ነገር ንፋስ ብለው ሲጠሩት ጠባዩን አውቀውታል። ንፋስ የነገሩትን ለሁሉም ያደርሳል። እንግዲህ ለንፋስ የምንሰጠው ቃል ማንም ቢሰማው የማይጠቅመው፣ አንዴ ሠርቶ የሚሞት ቃል ይሁን። እስከዚያው መቀርቀሪያችሁን አትርሱ።

ቸር እንሰንብት!